ማንም ሳያሳድደው የሚሮጥ ሰው

በእኛ አገር በጎብዬ አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ በአስፋልቱ ዳር ሲሮጥ የታየ እንደ ሆነ፥ ያየው ሁሉ ቆም ብሎ «ምነው? ማን አሳደደህ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የክፋት ወይም የፌዝ አይደለም፤ ጠያቂው ከልቡ ደንግጦ ነው። በአባቶቻችን ዘንድ የሚሮጥ ሰው ወይ ጠላት አሳድዶታል፥ ወይ ከብቱ ተነድቶበት እሱ ሌላውን ያሳድዳል፥ ወይም መርዶ ይዟል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሳይኖርበት፥ ላብ በላብ ሆኖ፥ ሄዶ ሄዶ መልሶ ወደ ተነሣበት ቤት የሚመለስ ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው። የት ደረሰ? የትም አልደረሰም። ምን አመጣ? ምንም አላመጣም።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ስለዚህ እንቆቅልሽ ስለሆነ ሰው ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣን። ስለ ኢትዮጵያ ሩጫ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ስለ ሜዳሊያ ነው። ሜዳሊያ የሌለው፥ ዳኛ የማይቆምለት፥ ለጤናና ለደስታ ብቻ የሚደረገው ሩጫ ከየት እንደ መጣ፥ መቼ ከፍ እንዳለና መቼ ዝቅ እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ እምብዛም አላገኘንም። ለዚህ ዓይነቱ ሩጫ ቋንቋችን «ሶምሶማ» የሚል ጥሩ ቃል አለው። ቃሉ ለፈረስና ለበቅሎ አካሄድም የሚነገር ሲሆን፥ ከእርምጃ የፈጠነ፥ ከግልቢያ የዘገየ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።)

በድሮ ዘመን ሩጫ የአሽከር ሥራ ነበር። መኰንኑ በበቅሎ ተቀምጦ ሲጓዝ፥ አሽከሮቹ ጠመንጃውንና ጋሻውን ይዘው ከበቅሎዋ ጎንና ከኋላዋ በሶምሶማ ይከተሉት ነበር። በቅሎዋ በፈጠነች ቍጥር አሽከር ይፈጥናል፤ ጌታው ግን አይሮጥም። ቀስ ብሎ መራመድ የክብር ምልክት፥ መሮጥ የመታዘዝ ምልክት ነበር። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ነቢዩ ኤልያስ ወገቡን ታጥቆ በንጉሡ በአክዓብ ፊት እንደ ሮጠ ያስታውሳል። ደብዳቤ የሚያደርሰውም እግረኛ ነበር። በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ የፖስታ ሥራ ሲቋቋም እንኳ፥ ባቡርም መኪናም ገና ስላልነበረ፥ ከሐረር ወደ ሸዋ የሚላከው ወረቀት የሚጓዘው በሰው እግርና በእንስሳት ጀርባ ነበር። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለው ተረትም ቢሆን ሩጫን አያመሰግንም፤ ሮጦ ከሚደክመው ይልቅ ወደ ላይ ተመልክቶ የሚለምነውን ያስበልጣል።

ይሁን እንጂ ለደስታ የሚሮጥ ሰው ፈጽሞ አልነበረም ለማለት አንችልም። ሕፃናት በየመንደሩ አባሮሽ ሲጫወቱ ኖረዋል። ትልቁም ሰው ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃድ ያገኝ ነበር፤ ይኸውም በገና ጨዋታ ጊዜ ነው። ታላቅና ታናሽ፥ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ተደባልቀው ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው እሩሯን ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ በዚያን ቀን ሎሌው የጌታውን ቍርጭምጭሚት ቢመታው እንኳ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ባለ ብዙ ርስቱ ሽማግሌ ነጠላውን አደግድጎ ያለ ሐፍረት የሚሮጥበት ቀን ይህ ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም። በማግሥቱ ፈቃዱ ያልቃል፤ ሽማግሌውም ወደ በቅሎው ይመለሳል።

ይህ ልማድ የተነቃነቀው በትምህርት ቤትና በጦር ሠራዊት በኩል ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት እየተስፋፋ ሲሄድ የሰውነት ማጠንከሪያ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ፤ በየዓመቱም የስፖርት ቀን ሲከበር የአንድ መቶ ሜትር ሩጫ፥ የጆንያ ሩጫ፥ እንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ የሚባሉት ጨዋታዎች ገቡ። ወላጆች ልጃቸው በጆንያ ውስጥ ገብቶ ሲዘል አይተው መሳቃቸው የታወቀ ነው። በሠራዊቱ በኩል ደግሞ ከጠላት ወረራ በኋላ ከመጡት ስዊድናውያን መካከል ኦኒ ኒስካነን የተባሉት አሠልጣኝ የክብር ዘበኛን ወታደሮች በሩጫ ያለማምዱ ነበር። ከእነዚህም ወታደሮች አንዱ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፥ አንዳንድ ነገሩ ተደጋግሞ ቢነገር የሚሰለች አይደለም። የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም ማለት በእኛ አቈጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በአገራችን ልጆች ችቦ ሲያበሩ በሚያመሹበት በዚያ ምሽት፥ በሮምም በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። አበበ የተሰጠው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፥ በልምምድ እንደ ለመደው በባዶ እግሩ ሮጠ። ከመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ተተክሎ ከነበረው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ ራዲን ትቶ ወጣ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲሆንም በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ገና ቆሟል። በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ያህል እንኳ ሳይሞላው፥ በዚህ ጊዜ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ፥ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ፤ ሮጦ ሲጨርስም በሜዳው ላይ ተጋድሞ እግሩን እያፍታታ ጂምናስቲክ ሠራ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እሱ በመንገድ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ተክቶ አሸነፈ።

በእኛ አስተያየት አበበ ለሩጫ ያደረገው ትልቁ ነገር ከሜዳሊያው በላይ ነው። የአሽከር የነበረውን ሥራ የክብር ሥራ አደረገው። ባዶ እግር የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ በዓለም ፊት የሚያስመካ ሆነ። ነገር ግን ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ፤ እሱም እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ከአበበ በኋላ በመንገድ የሚሮጠውን ሰው «ማን አሳደደህ?» ሳይሆን «አበበ ቢቂላ ልትሆን ነው?» ይሉት ጀመር። ሩጫ ምክንያት አገኘ፤ ምክንያቱ ግን ወርቅ ሆነ። ወርቅ የማያመጣ እግር ቢቀመጥ ይሻላል የሚል ሐሳብ በሰው ልብ ተተከለ።

በዚያው በሮም ኦሎምፒክ የሆነውን ሌላ ነገር ከዚህ ጋር ማስተያየት ይገባል። ከኒውዚላንድ የመጣ አርተር ሊዲያርድ የሚባል አሠልጣኝ ነበር፤ ሁለቱ ሯጮቹ ፒተር ስኔልና መሪ ሃልበርግ በአንድ ቀን ወርቅ አገኙለት። ይህ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራውን በሻምፒዮናዎች ብቻ አላቆመም። በኦክላንድ ከተማ የወፈሩትን ነጋዴዎችና የልብ ሕመም ያገኛቸውን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ቀስ ብለው፥ እየተጫወቱ እንዲሮጡ መከራቸው። ሲሮጥ መነጋገር የማይችል ሰው ከሚገባው በላይ ፈጥኗል የሚለው ደንብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1954 ዓ.ም. የሶምሶማ ማኅበር ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት ቢል ባወርማን የሚባል አሜሪካዊ አሠልጣኝ ይህን ሊያይ ሄዶ አብሮ ሲሮጥ፥ ከእሱ በዕድሜ እጅግ የሚበልጥ ሽማግሌ ቀድሞት በመሄዱ ተገርሞ ልማዱን ወደ አገሩ ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ሆነ። በመስከረም 1963 ዓ.ም. በኒውዮርክ የመጀመሪያው ማራቶን ሲደረግ የተነሡት 127 ሰዎች፥ የጨረሱት 55 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በዚያ ሩጫ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ይሰለፋል።

በእነሱም ዘንድ ቢሆን መንገዱ ሁሉ ዳገት ብቻ ወይም ቍልቍለት ብቻ አልነበረም። ሴቶች ረዥም ርቀት ሊሮጡ አይችሉም ተብሎ ስለሚታመን፥ በ1959 ዓ.ም. ካትሪን ስዊትዘር በቦስተን ማራቶን ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ሹም ከመንገድ ሊያስወጣት ልብሷን ይዞ ጐተታት፤ እሷ ግን ጨረሰች። ደግሞም ስለ ሩጫ የጻፈው መጽሐፍ እጅግ የተሸጠለት ጂም ፊክስ በ1976 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ ሲሮጥ ልቡ ቆሞ ሞተ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «እንዲህ ከሆነስ ሩጫ ምን ጠቀመ?» አለ። ሐኪሞች ግን የፊክስ አባት በ43 ዓመታቸው በልብ ሕመም እንደ ሞቱና እሱም ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ያጨስ እንደ ነበር አስታወሱ። ልብ ጡንቻ ነው፤ ሲሠራ ይጠነክራል፤ የታመመውን ግን ሩጫ ብቻውን አያድነውም፥ ሐኪምም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሁለቱ አገሮች ከአንድ ኦሎምፒክ ወርቅ ይዘው ተመለሱ። እነሱ ወርቁን ለሽማግሌ ሰጡት፤ እኛ የሚቀጥለውን ወርቅ የሚያመጣ ልጅ ለመፈለግ ወጣን። በዚህ አገራችንን ለመንቀፍ አንፈልግም። የኦክላንዱ ነጋዴ የሚሮጠው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ነው፤ የእኛ ገበሬ ሞፈሩን ተሸክሞ እርሻው ደርሶ እስኪመለስ ድረስ የሚበቃውን ያህል ሄዷል። ሆኖም በከተማ የሚኖረው የቢሮ ሰው በእኛም አገር መጣ፤ ለእሱ ግን የሚሆን ሩጫ ሳይመጣለት ብዙ ዘመን አለፈ።

በደርግ ዘመን ነገሩ ዝቅ አለ። በሌሊትና በማለዳ መውጣት በሰዓት እላፊ የተከለከለበት ጊዜ ነበርና፥ ብቻውን በጨለማ የሚሮጥ ሰው ለጥበቃው ተጠርጣሪ ነው። በዚያን ጊዜ «ማን አሳደደህ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሊኖረው ይችል ነበር። ታላላቆቹም ሯጮች ቢሆኑ ዕድላቸው ተሰበረ፤ በ1968 ዓ.ም. ከሞንትሪያል፥ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፥ በ1981 ዓ.ም. መግቢያ ከሴኡል ኦሎምፒክ አገራችን ቀረች። በመካከሉ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በአምስት ሺሕና በአሥር ሺሕ ሜትር ያገኛቸው ሁለት ወርቆች ብቻቸውን ያበራሉ። በሎስ አንጀለስ በኦሎምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው የሴቶች ማራቶን ተሮጠ፤ እኛ አልነበርንም። ከ12 ዓመት በኋላ በአትላንታ ያንኑ ማራቶን ያሸነፈችው የበቆጂዋ ልጅ ፋጡማ ሮባ ናት። ከእሷ በፊት በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና አሸንፋ የዚያን ጊዜ ልጃገረዶች በየመንደሩ እንዲሮጡ አደፋፍራቸዋለች።

ለደስታ የሚሮጠው ሰው በአገራችን በግልጥ የታየው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። በዚያን ቀን «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተደረገ። አሳቢው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ኃይሌ ራሱ በልጅነቱ በአሰላ አቅራቢያ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ስለ ነበር፥ ደብተሩን ያቅፍበት የነበረው ግራ ክንዱ ዓለምን ሲያሸንፍ እንኳ እንደ ታጠፈ ቀርቷል። እሱንም ቢሆን በልጅነቱ ያሳደደው የትምህርት ቤቱ ደወል ነበር ማለት ነው። አሁን ግን በእንግሊዝ አገር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረውን የሕዝብ ሩጫ ምሳሌ አድርጎ፥ ማንም የማያሳድዳቸውን 10,000 ሰዎች በአንድ ቀን አስሮጠ። ባለ ሱቁ፥ ነርሷ፥ የባንክ ጸሐፊው፥ ልጁን በትከሻው የተሸከመው አባት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ወጡ። ግማሹ ይሮጣል፥ ግማሹ ይራመዳል፥ ግማሹ ይጨፍራል። የሯጩ ቍጥር እያደገ ሄዶ በኋላ ዘመን ከ40,000 በላይ ደረሰ። የአበበ ጓደኛ የነበሩት ዋሚ ቢራቱ እንኳ በስተርጅናቸው በዚህ ሩጫ ላይ ታይተዋል። በአንዳንድ ዓመት ወጣቶቹ በሩጫው መካከል የልባቸውን ብሶት በዜማ ማሰማታቸውም ይታወቃል፤ ሕዝብ በብዛት ሲወጣ አፉን ቤቱ ትቶ አይወጣምና። አንድ ሰው በዓመት አንድ ቀን ሮጦ ምን ይጠቀማል ለሚሉ ግን፥ የገና ጨዋታም በዓመት አንድ ቀን ነበር ብለን እንመልሳለን። በገናና በታላቁ ሩጫ መካከል ያለው ልዩነት፥ ለታላቁ ሩጫ ሲል ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ በማለዳ የሚነሣ ሰው መገኘቱ ነው።

ይህም ሰው የሚሮጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቦታውም በየጊዜው ከእጁ ይወጣል። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ጎህ ሳይቀድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ በሚወጡና በሚወርዱ ሯጮች የታወቁ ነበሩ። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ እስኪከፈት ድረስ ታጥሮ ሯጮቹ ተበተኑ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ደግሞ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ የአገሪቱ ስመ ጥር ሯጮች በሚወዳደሩበት ሜዳ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ተቸረቸረ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ሊደረግ የነበረው ታላቁ ሩጫም ወደ ጥር 2013 ዓ.ም. ተላልፎ ከወትሮው ባነሰ ሕዝብ ተሮጠ። በሌላ በኩል በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ የመኪና ጎዳናዎች በአንዳንድ እሑድ ለእግረኛ መለቀቅ ሲጀምሩ፥ ሕፃናት በአስፋልት መካከል ሲሮጡ ታዩ።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር ነው። ወደ ጎብዬ ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። መንደራችን ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብ የላስታ ደጋ ይታያል፤ መካከሉ የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው። ስመ ጥሮቹ ሯጮች ከባሕር ወለል 2,400 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ሲሮጡ፥ የእኛ ቆላ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ነው። አየሩ ለሳንባ ይቀላል፥ ሙቀቱ ግን አያስቀምጥም። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መሮጥ ዘበት ነው፤ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ላብ ከሚጠጣው ውሃ በላይ ይፈሳል። ስለዚህ መሮጥ የሚቻለው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ጅቡ ገና አልገባም፤ በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ከአገዳው ውስጥ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናዎቹ መብራታቸውን አብርተው ይበራሉ፤ ባጃጆች ደግሞ ያለ መብራት ይመጣሉ። የተሻለው ቦታ በበጋ የሚደርቀው የጎርፍ መሄጃ አሸዋ ነው፤ ለጕልበት ይለሰልሳል፥ በኮንጎ ጫማም ቢሆን ይሮጡበታል። ክረምት ሲመጣ እሱም ተመልሶ የጎርፉ ይሆናል።

ነገር ግን ሙቀቱም ጅቡም ዋናው እንቅፋት አይደሉም። ዋናው ወላጆቻችን ስለ ጕልበት ያላቸው ሐሳብ ነው። እናቶቻችን «ጕልበትህን ለምን በከንቱ ታፈሰዋለህ? ውሃ አትቀዳበትም?» ይላሉ። ይህን ሲሉ እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ እንስቃለን። ወሎ ያለፈበትን ለሚያውቅ ሰው ግን ቃሉ የሚያስቅ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ ጊዜ፥ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የዓለም ጋዜጠኞች ፎቶግራፍ ያነሡት የኮረም ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ፥ ሰው ይጓዝበት የነበረው ጎዳና ይኸው እኛ ሶምሶማ የምንሮጥበት ነው። በዚያን ዘመን አንዲት እርምጃ የምትሰጠው ከአንድ ጕርሻ ላይ ተቀንሶ ነበር። ያን ያዩ ሰዎች፥ የበላውን ምግብ በላብ አፍስሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ ሲያዩ ቢያዝኑ ምን ያስገርማል? ሶምሶማ የተረፈ ጕልበት ያለው ሰው ጨዋታ ነው፤ በዚህ ቆላ ጕልበት ሊተርፍ የቻለባቸው ዓመታት ጥቂቶች ናቸው።

ጦርነቱም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአላማጣ ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወርድ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ያን ጊዜ ሁላችንም ሮጠናል። ታናናሾቻችንን በጀርባ አዝለን፥ እንስራና ማሰሮውን ትተን፥ አንዳንዱ ወደ ወልዲያ፥ አንዳንዱ ወደ ደጋው ሮጧል። በክፍላችን ያለው ተማሪ ሁሉ በዚያ ክረምት ስንት ቀን እንደ ሄደ ይነግራችኋል፤ እንዴት ሮጥህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም፥ ምክንያቱ ለሁሉ ግልጽ ነበርና። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ በቆቦ በኩል እንደ ገና ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ብዙም ሳይቈይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ በማለዳ ከቤት መውጣትን አስፈሪ አደረገው። አንድ ወጣት በጨለማ ሲሮጥ ቢታይ ከየት እንደ መጣ፥ ምን ይዞ እንደ ሮጠ የሚጠይቀው ይበዛል፤ መልሱን የሚሰማው ግን ሁልጊዜ አይገኝም። በእነዚያ ወራት ሯጮቻችን ሁሉ ኳስ ተጫዋቾች ሆኑ፤ በኳስ ሜዳ የሚሮጥን ልጅ ማንም አይጠረጥረውምና።

ልጃገረዶቹን ለብቻቸው ማንሣት ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ ቢሮጥ «አበደ» ይባልና ያልፋል። ልጃገረድ ከሮጠች ግን ስሟ ከእሷ ቀድሞ መንደሩን ይዞራል። የምትሮጥበት ሱሪ አንድ ነገር ነው፤ ብቻዋን መሆኗ ሌላ ነገር ነው፤ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት እንጀራ መጋገሪያው፥ ጀሪካኑና ወፍጮው ሦስተኛ ነው። የክፍላችን አንዲት ልጅ ይህን ስትናገር፥ «ደራርቱም ከብት ስትጠብቅ ነው የሮጠችው፤ እኔ ግን ከብት የለንምና ሰበብ አጣሁ» ብላ አስቃናለች። በመጨረሻ ሰበቡ የተገኘው በውሃ ነው። ሦስት ልጃገረዶች ውሃ ሲሄዱ ባዶ ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አስረው በሶምሶማ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ጀሪካኑ ስለ ሞላ ይራመዳሉ። ከመንደሩም የተናገራቸው የለም፤ ምክንያቱም የትም ያልደረሱ፥ ምንም ያላመጡ አይደሉም።

አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ከሰነፈ በኋላ የሠራው ሥራ በትምህርት ቤት እንደ ሮሙ ድል ሲነገር አንሰማም። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ፤ ከዚያም በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጐትቱት መንሸራተቻ ተቀምጦ ተሽቀዳደመ። እግር አልነበረውም፥ አገሩም ከዚያ ወርቅ አልጠበቀበትም፥ የሚያሳድደውም አልነበረም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በሞት እስኪለይ ድረስ መጫወት አልተወም። ለእኛ ለጎብዬ ሯጮች ከሮሙ አበበ ይልቅ ይህኛው ይቀርበናል።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ዓመት በዓሉን ሲያከብር የሜዳውን ዙሪያ በገመድ ለክተነዋል። የገመዱን አንዱን ጫፍ የሒሳብ መምህራችን ይዘው፥ ሌላውን እኛ ይዘን፥ እሾኩንና ድንጋዩን እየለቀምን ዞርን። አሸዋውን ከጎርፉ መሄጃ በአህያ አምጥተን በሁለቱ ጥጎች አፍስሰናል፤ ወንዶቹ አህያ ሲያስነዱ፥ ልጃገረዶቹ በአካፋ ደለደሉት። ወላጆች በበዓሉ ቀን ሲመጡ በግራ በኩል ከግራሩ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል። መሮጥ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ግን ጫማውን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ቦታ ከመነሻው መስመር አጠገብ አለ።